ሦስት ሸራ በሰባት ወር፦ የአንድ ሃይሉክስ የፍሬን ጉዳይ

## መነሻ

ይህን ጉዳይ የመዘገብኩት መጀመሪያ ላይ ራሴ ስለተሳሳትኩበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ከሚገቡልን መኪኖች ግማሽ ያህሉ ፒካፕ ናቸው። የፍሬን ሸራና ሸራው ተጭኖ የሚያቆመውን ዲስክ መምረጥ የዕለት እንጀራዬ ነው። ይቺ መኪና ግን ሁለት ጊዜ አስመረጠችኝ፤ ሁለተኛውን ጊዜ በራሴ ኪሳራ።

መኪናዋ የ2008 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ደብል ጋቢና፣ ናፍጣ፣ ፎር ባይ ፎር። ባለቤቷ በእህል ንግድ ብዙ ዓመት የቆዩ ሴት ናቸው። ሠፈሩ ሁሉ “እትዬ” ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ሹፌራቸው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ንግግር የማያበዛ ልጅ ነው። ያ ዝምታው በኋላ ዋጋ አስከፍሎናል። ልክ ለመናገር ያህል፣ ያስከፈለን እኔ አለመጠየቄ ነው።

መኪናዋ በሳምንት አንዴ፣ አዝመራ ሲደርስ ሁለቴ፣ ደጀን ደርሳ ትመለሳለች። ስትሄድ ሳሙናና ዘይት፣ ስትመለስ ጤፍ። እንዲህ ያለች ፒካፕ በአምራቹ ስሌት የምትጭነው ከ10 ኩንታል አይበልጥም። እትዬ 14 ያስጭናሉ። “ሁሉም የሚጭነው ነው” ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም ይጭናል።

## መንገዱ

አባይ በረሃን የወረደ ሰው ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል። ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድልድዩ ያለው 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ነው። ከከተማ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆን ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት፣ ሁሉም ጠመዝማዛ።

መኪናዋ ከነጭነቷ ከ3,300 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ይህን ክብደት 1,300 ሜትር ቁልቁል ማውረድ ማለት 42 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት የሆነ ቦታ ማራገፍ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ፍሬኑ ብቻ ቢሸከመው፣ ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። አንድ ትልቅ የድግስ በርሜል ውሃ አስቡ። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መዳፍ በምታህል ሸራ ላይ ይወርዳል። ደግነቱ ሞተሩና ነፋሱ ብዙውን ይካፈላሉ፤ ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ማለቴ ነው።

## ችግሩ

መኪናዋ መጀመሪያ የመጣችው በጥቅምት ነው። ቅሬታው ሁለት ነበር። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ የፍሬኑ ፔዳል ይሰምጣል፤ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ሜዳ ላይ ደግሞ በ80 ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ከኔ በፊት በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የፊት ሸራ ተቀይሯል። የመጀመሪያው እጅግ ርካሽ ኮፒ ነበር፤ ሁለት ወር እንኳን በወጉ አልቆየም፣ ጠርዙ እየተፈረፈረ አለቀ። ሁለተኛው ካርቶኑ ላይ ሴራሚክ ተብሎ የተጻፈበት፣ ውድ። የእትዬ ጎረቤት ለቤት መኪናው ገዝቶት “ድምፅ የለው፣ ቸርኬ አያቆሽሽ” ብሎ አሞገሰላቸው። እውነትም ድምፅ አልነበረውም። አባይ ላይም አልያዘም። ሦስተኛው ተመልሶ ኮፒ ሆነ፤ በዚያ ላይ ንቅጥቅጡ እንዲጠፋ ዲስኩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላጨ። ንቅጥቅጡ ለሦስት ሳምንት ጠፋና ተመለሰ።

## የመጀመሪያው ምርመራ

የፊት ጎማዎችን አወረድን። የዚህ ሞዴል ፎር ባይ ፎር የፊት ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ዕቃ) አይንሸራተትም። ሁለት ፒስተን ከውስጥ፣ ሁለት ከውጭ አለው። ሸራውን ለማውጣት ካሊፐሩን መፍታት አያስፈልግም፤ ሁለቱን ፒኖች መትቶ መሳብ ይበቃል። ሥራው ቀላል ስለሆነ ሰው ሸራ ብቻ ቀይሮ ሌላውን ሳያይ ይዘጋል። ከኛ በፊት የሆነውም ያ ይመስለኛል።

ሸራው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ጥፍሬን አሳለፍኩበት፤ አይቧጥጥም፣ ያንሸራትታል። ዲስኩ ላይ የሳንቲም ስፋት ያላቸው ሰማያዊ ነጠብጣቦች አሉ። ብረት እንዲህ ሰማያዊ የሚሆነው ከልክ በላይ ሲግል ነው። በማይክሮሜትር ስለካው 22.4 ሚሊ ሜትር ሆነ። አዲስ ሲሆን 25 ነው። መጣያው፣ ማለትም ከዚያ በታች ከቀጠነ የሚጣልበት ልክ፣ 23 እንደሆነ ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል። ቶርኖ ቤቱ ከመጣያው በታች ላጭቶታል ማለት ነው። የቀጠነ ዲስክ ሙቀት የሚያስቀምጥበት ሥጋ የለውም፤ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ስለ ንቅጥቅጡ አንድ ነገር ላንሳ። ጋራዥ ውስጥ “ዲስኩ ተጣሟል” ማለት ይቀናናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዲስኩ አይጣመምም። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ በጋለ ፍሬን ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ቆመህ ፔዳሉን ረግጠህ ትይዛለህ። ሸራው በቆመበት ቦታ ከራሱ ቁስ ዲስኩ ላይ ያትማል። ዲስኩ ሲዞር ያቺ ቦታ ስትመጣ ይነጥራል። ወይም ዲስኩ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ላይ ሲገባ ዝገት አልተጠረገም፤ አንድ ፀጉር ያህል ተዛብቶ ይቀመጣል። ወይም የጎማ ብሎን ቧንቧ ተሰክቶበት በእግር እየተረገጠ፣ አንዱ ጠብቆ አንዱ ላልቶ ታስሯል። እኛ ያገኘነው ሦስቱንም ነው። በሞዞው ላይ ያለው የዝገት ቅርፊት በካቻቪቴ ሲነካ ይነሳ ነበር።

የፍሬን ዘይቱ ቡና መስሏል። መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ውሃ ሲገባበት ግን ወሰኑ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155 ነው። ዘይት ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ይሰምጣል። የስፖንጁ ነገር ግማሽ መልሱ እዚያ ነበር።

ይህን ሁሉ ሳገኝ ደስ አለኝ። ያ ነው ያሳሳተኝ። ፊት ለፊት ይህን ያህል ጥፋት ያገኘ ሰው ወደ ኋላ ለማየት አይቸኩልም።

## ሸራና ዲስክ ፍለጋ

ሹፌሩን ይዤ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የሻንሲ ቁጥሩን በወረቀት ይዘናል። ይህ ለቅንጦት አይደለም፤ ሃይሉክስ በዓመትና በአገሩ ገበያ ይለያያል፣ ዱባይ የገባውና ሌላ አገር የገባው የዲስክ ስፋታቸው ላይገጥም ይችላል። አሮጌውን ሸራም በፌስታል ይዘናል።

የመጀመሪያው ሱቅ ልጅ ጊዜ አልፈጀም። “ቫይጎ ነው? ይኸው፣ ጃፓን ነው” ብሎ ካርቶን አስቀመጠ፤ ቫይጎ የሚሉት ይህንኑ የሃይሉክስ ሞዴል ነው። ካርቶኑ ቀይና ነጭ፣ ያማረ። ሸራውን አውጥቼ ጠርዙን አየሁ። ምንም አልተጻፈበትም። ደህና ሸራ ጠርዙ ላይ ወይም ጀርባው ላይ የሠሪው መለያ፣ የቁሱ ስምና በመጨረሻ ሁለት ፊደል ይታተምበታል። ፊደሎቹ የመያዝ አቅሙን ይናገራሉ፦ ኢ ማለት ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55። የመጀመሪያው ፊደል ለተለመደው ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ነው። ኤፍኢ የሚል ሸራ ሲግል ይደክማል። ኤፍኤፍ የሚል ግን ሲግልም ያው ነው። ፊደሉ ስለ ዕድሜውም ስለ ድምፁም አይናገርም፤ ስለ መያዙ ብቻ ነው። ግን ምንም ካልተጻፈበት ምን ልታወራ ትችላለህ?

“ቁጥሩ የታለ?” አልኩት።

“ካርቶኑ ላይ አለ’ኮ፣ ጋሼ።”

ካርቶን ፍሬን አይይዝም። አመስግነን ወጣን።

የቶዮታ ኦርጅናል ዕቃ ቁጥር አጀማመሩን ማወቅ ብዙ ያድናል። የፊት ሸራ 04465፣ የፊት ዲስክ 43512፣ የኋላ ታምቡር (ከበሮ መሰሉ የኋላ ፍሬን) ሸራ 04495 ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የሚቀጥለው ለያንዳንዱ ሞዴል ይለያያል፤ እሱን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ያመሳክሩታል። ቁጥሩ ልክ መሆኑ ዕቃው ኦርጅናል ነው ማለት አይደለም፤ ቁጥርም ይኮረጃል። ቁጥሩ ከተሳሳተ ግን ጉዳዩ እዚያው አለቀ።

አውሮፓ ለሚሸጥ መለወጫ ሸራ ሌላ ምልክት አለ። ክብ ውስጥ ኢ ፊደልና የአገር ቁጥር፣ ከጎኑም አር 90 የሚለውን ደንብ የሚያመለክት ቁጥር። ይህን ያለፈ ሸራ የመያዝ አቅሙ መኪናው ይዞት ከወጣው ከ15 በመቶ በላይ መራቅ የለበትም። ኦርጅናል ለመግዛት አቅም ሲያጥር እኔ የምፈልገው ይህን ምልክት ነው።

በአራተኛው ሱቅ ሁለት አማራጭ ቀረበልን። አንደኛው ኦርጅናል፣ ሁለተኛው ከታወቀ ፋብሪካ የመጣ፣ ብረት የበዛበት ጠንካራ ሸራ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ከኮፒው አራት እጥፍ ግድም። ብረት የበዛበት ሸራ ሙቀት ይችላል። በምትኩ ዲስክ ይበላል፣ ይጮኻል፣ ጠዋት በብርድ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች ሰነፍ ነው። እኔ አባይን አሰብኩና ጠንካራውን መረጥኩ።

ዲስክ ላይ ብዙ አልቆየንም። አንድ ነጋዴ ቀዳዳ የተበሳበትን “የስፖርት” አቀረበልን። ሹፌሩ ዓይኑ ቀረበት። ለጭነት መኪና አይሆንም። ቀዳዳው ብረት ይቀንሳል፤ ብረት ነው ሙቀቱን የሚያስቀምጠው። ስንጥቅም የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው። ዝም ያለው፣ መሐሉ ለአየር ክፍት የሆነው ተራ ዲስክ ይበቃል። ሁለት ዲስክ በሁለት እጄ ይዤ መዘንኩ፤ አንዱ በግልጽ ይቀላል። ከባዱን ወሰድን፣ ጥንዱን። አንድ ጎን ብቻ መቀየር መሪውን ወደ አንድ ወገን መስጠት ነው።

## መጀመሪያ የሠራነው

አዲስ ዲስክ የዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። አጠብነው። ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ጠረግን። ከአራቱ የቀኝ ፒስተኖች አንዱ ተጣብቆ ነበር፤ የፒስተን ማሸጊያ ጎማዎቹን ቀየርን። ሙሉውን ዘይት አፍስሰን ዶት 4 ሞላን። የጎማ ብሎኖቹን በመለኪያ ቁልፍ፣ በመስቀል አሰርን።

አቧራውን በኮምፕረሰር መንፋት በኛ ጋራዥ ክልክል ነው። ርካሽ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ይኑር አይኑር በዓይን አይታይም፤ ሳንባ ግን አይረሳም። በውሃ አርጥበን እንጠርጋለን። ልጆቹ ያጉረመርማሉ።

ከዚያ ማስለመድ አለ። አዲስ ሸራና ዲስክ ተለማምደው እስኪገጥሙ ሙሉ አቅማቸውን አይሰጡም። ቀለበት መንገድ ላይ በሌሊት ወጥተን፣ ከ60 ወደ 10 እየቀነስን፣ ሳንቆም፣ አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምን። ከዚያ ፍሬን ሳንነካ አሥር ደቂቃ ነድተን አበረድነው።

መኪናዋ እንደ አዲስ ሆነች። እትዬ መረቁኝ።

## አልሠራም

በሁለተኛው ሳምንት ጥሩ ነበር። በአራተኛው ሹፌሩ ደወለ። “ጋሼ፣ ያው ነው።” ሌላ ቃል አልጨመረም።

ስትመጣ ሸራው እንደገና መስታወት ሆኗል፤ ከመጀመሪያው ያነሰ ቢሆንም። ዲስኩ ላይ ሰማያዊው ነጠብጣብ ጀምሯል። ዘይቱ አዲስ ስለሆነ ፔዳሉ እንደ ድሮው አልሰመጠም፤ ግን ይጠነክራል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ይህ የሸራ መድከም እንጂ የዘይት መፍላት አይደለም። ሁለቱን መለየት ይጠቅማል፦ ፔዳል ከሰመጠ ዘይት፣ ፔዳል ጠንክሮ መኪና ካልያዘ ሸራ።

ተቀምጠን ቡና ጠጣን። መጠየቅ የነበረብኝን ያን ጊዜ ጠየቅሁ። “ደጀን ከተነሳህ ጀምሮ የምታደርገውን አንድ በአንድ ንገረኝ።”

ነገረኝ። በአራተኛ ማርሽ ይወርዳል። ባዶ ሲሆን አልፎ አልፎ ናፍጣ ለመቆጠብ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ ይለቃታል። ድልድዩን አልፎ ጥግ ይዞ ይቆምና በጀሪካን ጎማዎቹ ላይ ውሃ ያፈሳል።

ውሃ ማፍሰሱ ክፉ ልማድ ነው፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ቀጠለ።

“ከፊት ጭስስ ይላል። ከኋላ ዝም ነው።”

“እንዴት ዝም?”

“ውሃው ዝም ብሎ ይወርዳል። የኋላው አይሞቅም’ኮ።”

ለስንት ጊዜ? ካስታወሰበት ጊዜ ጀምሮ። ለምን አልነገርከንም? አልጠየቃችሁኝም።

## የኋላው

ታምቡሩን ከፈትን። የኋላ ሸራ አዲስ ሊባል ምንም አልቀረው። ታምቡሩ ውስጥ ከማጥቆር ይልቅ ዝጓል። ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጋው ኮከብ ብሎን ተጣብቋል። ስለዚህ ሸራው ታምቡሩን የሚነካው ፔዳሉ ብዙ ከወረደ በኋላ ነው። ይህ አንዱ ነው።

ዋናው ግን ከሻንሲው በታች ነበር። በዚህ ሃይሉክስ ላይ ጭነቱን እያየ የኋላ ፍሬን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ። ቫልቩ ሻንሲው ላይ ታስሯል፤ በአንድ ዘንግ ደግሞ ከኋላ አክስሉ ጋር ተያይዟል። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይወርዳል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋል፣ ለኋላ ብዙ ግፊት ይለቀቃል። ባዶ ሲሆን ሻንሲው ይነሳል፣ ግፊቱም ይቀነሳል። የባዶ ፒካፕ ኋላ ቀላል ስለሆነ ግፊት ከበዛበት ጎማው ይቆለፋል፣ መኪናው ይዞራል። ያለ ምንም ኤሌክትሪክ የሚሠራ ብልህ ነገር ነው።

እትዬ ከሁለት ዓመት በፊት ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን ተደራራቢ የብረት ቅጠል) አስጨምረዋል፤ በየጎኑ ሁለት ሁለት ቅጠል። 14 ኩንታል ሲጫን ኋላው እንዳይተኛ። እውነትም አልተኛም። 14 ኩንታል ተጭኖባት እንኳን ሻንሲው ባዶ ሲሆን ከሚቆምበት ብዙም አልወረደም። ቫልቩም ዘንጉን እያየ “ባዶ ነን” ብሎ አመነ። የኋላውን ፍሬን ዘጋ።

እንግዲህ ያ ሁሉ በርሜል ውሃ የሚያፈላ ሙቀት በፊት ዲስኮች ላይ ብቻ ይወርድ ነበር። ጃፓን ቢሠራው፣ ጀርመን ቢሠራው፣ የትኛው ሸራ ነው ይህን የሚችለው? እኔ ሶማሌ ተራ ፊደል ሳነብ የዋልኩት ለአራት ጎማ የታሰበን ሥራ በሁለት ጎማ ብቻ የሚችል ሸራ ፍለጋ ነበር።

## ሁለተኛው ሥራ

እትዬን ጠርቼ ከመኪናው ሥር አሳየኋቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ ብለው አዩ። “ታዲያ ባሌስትራዬ ነው ጥፋተኛው?” አሉ።

“ባሌስትራውም፣ አራቱ ኩንታልም፣ እኔም፣ እትዬ።”

ተከራከርን። ቅጠሎቹ ሁሉ ይውጡ አልኩ። አንዱም አይወጣም አሉ። በየጎኑ አንድ ወጣ፣ አንድ ቀረ። ጭነቱ 10 እንዲሆን ተስማማን። ይህን በወረቀት አልጻፍንም፤ መጻፍ ነበረብን።

የቫልቩን ዘንግ በግምት ማስተካከል ይቻላል፤ ብዙ ሰው በሽቦ ጎትቶ ያስረዋል። እኔ አልደፈርኩም። ከመጠን በላይ ከተለቀቀ በክረምት ባዶዋን እንጦጦን ስትወርድ ኋላዋ ይቆለፋል። የግፊት መለኪያ ያለው ሌላ ጋራዥ ወስደናት፣ የፊትና የኋላ ግፊት እየተለካ፣ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ተስተካከለ። ኮከብ ብሎኖቹ ተፈትተው ተቀቡ። አንድ የሚያነባ የኋላ ሲሊንደር ተቀየረ።

የፊት ሸራውን እንደገና መረጥኩ። አሁን ግን መልሱ ሌላ ሆነ። ኋላው ድርሻውን ከወሰደ ብረት የበዛበት ጠንካራ ሸራ አያስፈልግም። ኦርጅናሉን አስገባሁ። ጠዋት በብርድም ይይዛል፣ ዲስኩንም አይበላም። የሸራውን ዋጋ እኔ ቻልኩ። ዲስኩ ገና 24.8 ነበር፤ ፊቱን በአሸዋ ወረቀት ጠረግነውና ተወው አልን።

ለሹፌሩ ያልኩት አጭር ነው። ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ፎሌ የሚባለውን እርሳ። ያዝ፣ ቀንስ፣ ልቀቅ፤ እግርህን ፔዳሉ ላይ አታስተኛ። ድልድዩ ጋ ከቆምክ በእጅ ፍሬንና በማርሽ ቁም፣ ፔዳል ረግጠህ አትቁም። ጀሪካኑን ለራዲያተር አስቀምጠው።

## ውጤቱ

አንድ ጊዜ አብሬ ወረድኩ። በርቀት የሚለካ የሙቀት መለኪያ ይዤ ነበር። (በኮሮና ጊዜ ግንባር የሚለኩበት ለዚህ አይሆንም፤ ከሰው ትኩሳት ብዙም አያልፍም። የብረት የሚለካው ሌላ ነው።) ከማስተካከላችን በፊት ሹፌሩ በዚሁ መለኪያ ሲለካ ፊቱ 380፣ ኋላው 60 ዲግሪ ግድም ነበር። አሁን በ10 ኩንታል፣ በሦስተኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ፊቱ 230፣ ኋላው 140 ሆነ። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የቫልቩ፣ ስንቱ የማርሹ፣ ስንቱ የአራቱ ኩንታል እንደሆነ መለየት አልችልም። ሦስቱንም ባንዴ ቀይረናል። ለጥናት ይህ ጉድለት ነው፤ ለሹፌሩ ግን ግድ አልሰጠውም።

መሪው መንቀጥቀጡን አቆመ። የፊት ሸራው ስምንት ወር ቆይቶ ሲታይ ከግማሽ በላይ ቀርቶታል።

ያልሠራም አለ። ኋላው አሁን ስለሚሠራ የኋላ ሸራ ይበላል፤ እትዬ “ደግሞ ይሄ መጣ?” አሉኝ። የቀረው አንድ ቅጠል ባሌስትራም ቫልቩን በየጊዜው ማየት ግድ አድርጓል። ጭነቱም በአዝመራ ወቅት 10 ላይ አልቆመም። ሹፌሩ 12 ጭኖ ሲመጣ ይደውልልኛል፤ መደወሉ ራሱ ለውጥ ነው።

## ከዚህ የወሰድኩት

አሁን ሸራ ቶሎ አለቀ የሚል ሰው ሲመጣ ካርቶን ከመክፈቴ በፊት አሮጌውን ሸራ አያለሁ። ከውስጥ አልቆ ከውጭ ከቀረ ፒስተን ወይም ፒን ተጣብቋል። መስታወት ከሆነ ግሏል፤ ለምን ጋለ? ተፈርፍሮ ከሆነ ዕቃው ቀሽም ነው። ዘይት ከነካው ከላዩ የሚያነባ አለ።

ፊት ለፊት ያለ ችግር ከኋላ ሊመጣ እንደሚችል በማንኛውም ፒካፕ ላይ ይሠራል። በተለይ ባሌስትራ የተጨመረበት፣ ወይም ከፍ የተደረገ ከሆነ ቫልቩን ሳላይ ሸራ አልሸጥም። አዳዲሶቹ ፒካፖች ብዙዎቹ ይህን ሥራ በኤሌክትሮኒክስ ይሠሩታል፤ ዘንግ የላቸውም። መንገድ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ግን አሁንም አሏቸው።

ዲስክ ከመላጨቱ በፊት ይለካ። 23 የሚል 22.4 ሆኖ ከወጣ ቶርኖ ቤት የከፈልከው ገንዘብ ለመጣያ ነው። ዘይቱን በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር ከአንድ ሸራ ያነሰ ወጪ ነው። ሹፌሩን ደግሞ ብቻውን፣ ባለቤቱ በሌሉበት ጠይቁት። ባለቤቱ ባሉበት ፎሌ እነዳለሁ የሚል ሹፌር የለም።

የወጡት ሁለት ቅጠሎች እትዬ መጋዘን ውስጥ ከጤፍ ማዳበሪያው ጀርባ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። በገባሁ ቁጥር ያሳዩኛል። ባለፈው ኅዳር “ለአንድ ወር ብቻ ብንመልሰውስ?” አሉኝ።